ባሮን በእትዬ ሙሉነሽ ደጃፍ

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ያማትባሉ፣ መጨረሻ ላይ «እውነትሽን ነው?» ይሉኛል። እውነቴን ነው። ይኸው ዛሬ ስጽፈው እንኳ ልቤ ቀድሞኝ እየሮጠ እጄ አልደርስበት ብሏል፤ ስለዚህ ከቸኮልኩባችሁ ታገሡኝ።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ነው፤ ፈረንጆች እንደሚቆጥሩት። ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሰፈሩም ዛሬ የሚጠራበት ስም ገና አልወጣለትም። እኔ በርባንክ ውስጥ ለፊልም ሠሪዎች ልብስ በሚያዘጋጅ ቤት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የንጉሥ ካባ ሰፍቻለሁ፣ የዝንጀሮ ቆዳም ሰፍቻለሁ። ጥንቁቅ ሴት ነበርኩ፤ ሰው እንዲያውም «የሺ ታበዛዋለች» ይለኝ ነበር። በጾም ቀን ቅቤ የነካው ማንኪያ እንዳያጋጥመኝ የራሴን ማንኪያ በቦርሳዬ ይዤ እዞር ነበር ብላችሁ ይበቃል።

የምኖረው ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከላይ እትዬ ሙሉነሽ ይኖራሉ፤ ታክሲ ከሚነዳው ልጃቸው ከብርሃኑ ጋር። እንግሊዝኛ አያውቁም። ብርሃኑ ማለዳ ሲወጣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይሰጣቸዋል፤ ወለሉ ስስ ስለሆነ እኔም እሰማዋለሁ።

«እማዬ፣ ማንም ቢያንኳኳ ኦፕን እንዳታደርጊ። ኦኬ?»

«ኦኬ» ይላሉ፤ ከእንግሊዝኛ የሚያውቋት እሷን ናት።

በሩም ቢሆን በር ብቻ አልነበረም። ሌባ በዝቷል ተብሎ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ተደርጎበታል፤ ከኋላ በኩል ካለው የእንጨት ደረጃ ላይ የሚያስገባው የማድቤት በርም ከውጭ በኩል የብረት መዝጊያ አለው፤ ቁልፉ ከውስጥ ነው።

አንቷንን ያመጣብኝ ብርሃኑ ነው። «የሺ፣ ይሄ ሰውዬ ፓርኪንግ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ነው፣ ሚራክል ማይል ሰፈር። የሄይቲ ልጅ ነው፣ ሥዕል ላይ ታለንት አለው። ሥዕሎቹን በፊልም ሊሠራቸው ነው፤ ልብስ የሚሰፋለት ይፈልጋል፣ ሶ ስለ አንቺ ነገርኩት።»

አንቷን ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው ነበር። የሣላቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። በየመደብሩ የሚሸጡትን የጀግኖች የሥዕል መጽሔቶች ታውቃላችሁ፤ ካባ ለብሰው የሚበሩ፣ ሕንፃ በትከሻቸው የሚደግፉ። የእሱም እንደዚያ ነው፤ ግን ሰዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ናቸው፤ የሚያርፉትም በእኛው በፌርፋክስ ላይ ነው። ቀለሙ ዓይን ይወጋል! ዓይኔን ላነሣ አልቻልኩም።

«ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?»

«ሌግባ። የመንታ መንገድ ጠባቂ። አምቡላንስ ሲመጣ በምርኩዙ መሬቱን ሲመታ የከተማው የትራፊክ መብራት ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል።»

«ይሄኛውስ?»

«ኦጉ፣ የብረት ጌታ። የወሮበሎችን ሽጉጥ ጨምድዶ ለልጆች ብስክሌት ይሠራበታል። ይህቺ ደግሞ ላሲረን፤ ከሎንግ ቢች ወደብ ከመርከቦቹ መካከል ትወጣለች፤ የሰጠመ ሰው አታስቀርም።»

መጨረሻ ላይ ፊቱ ራስ ቅል የሆነ፣ ረጅም ጥቁር ኮትና ረጅም ቆብ ያደረገ ሰውዬ ነበር።

«ይሄ ባሮን ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የመቃብር ጌታ። እሱ ጉድጓዱን ካልቆፈረ ማንም አይሞትም ይባላል። በእኔ ታሪክ ውስጥ አካፋውን ወርውሮ ‹ዛሬ አልቆፍርም!› ይላል። ኃይሉ እሷ ናት። እኔ ነኝ ባሮንን የምጫወተው።»

«ቆይ፤ እነዚህ መናፍስት ናቸው?»

«በአገሬ ቩዱ የምንለው ነው።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። አክስቴ ዛር ነበረባት። ዛሩ ቀይ ሐር አምጡ ሲል ቤቱ ሁሉ ይታመስ ነበር፤ አንድ ዓመት ሐሩ ዘግይቶ አክስቴ ወለሉ ላይ ስትንፈራገጥ በልጅነቴ አይቻለሁ። ያንን ሽሽት አድጌ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ለመንፈስ ልብስ ልለካ ነው?

አንቷን ፊቴን አየና ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ ቆም አለ። «የሺ፣ ቅድመ አያቶቼ በመርከብ ታስረው ሲመጡ እላያቸው ላይ ጨርቅ እንኳ አልነበረም። የተረፋቸው እነዚህ ስሞች ብቻ ናቸው። ስገጂላቸው አላልኩሽም፤ እናቴም በየእሑዱ ቅዳሴ ነው የምትሄደው። ግን ልጆቻችን የሚያዩት ጀግና ሁሉ እነሱን የማይመስል ለምን ይሆናል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ኮት ለመስፋት እጄ ይበላኝ ነበር። እሺ አልኩት። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ኮቱን ስጨርስ ወገቡ ጠበብ፣ ጅራቱ ረዘም፣ ውስጡ ወይን ጠጅ ገበር ያለው ሆነ፤ እንዲህ ያማረ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እሑድ ልቆርብ ተዘጋጅቻለሁ። ስለዚህ በልቤ እንዲህ ብዬ ወሰንኩ፤ ቅዳሜ ፊልሙን ሲያነሡ ኮቱን አስረክባለሁ፣ የመጨረሻውን ስፌት አስተካክላለሁ፣ ከዚያ «አንቷን፣ ሌላ ሰው ፈልግ» እለዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሕንፃችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ተሰበሰቡ። የአንቷን ዘመድ ማርጎ ላሲረንን ሆና በሰማያዊ ብልጭልጭ ቀሚስ መጣች፤ ከጉልበቷ በታች እንደ ዓሣ ጅራት የሚጠብ ነው። አንድ ጓደኛቸው የተዋሰውን ካሜራ ይዟል። አንቷን ፊቱን ነጭና ጥቁር ተቀብቶ፣ የዓይኑን ዙሪያ አጥቁሮ፣ ጥርስ በከንፈሩ ላይ ሥሎ ከመኪናው ሲወርድ እኔ ራሴ የሰፋሁለት ሴትዮ «በስመ አብ» አልኩ።

«አማረብኝ?»

«አንተን ማየት ጾም ያስፈታል» አልኩት። ማርጎ እስክታለቅስ ሳቀች።

ተንበርክኬ የማርጎን ጅራት በላይዋ ላይ እየሰፋሁ ሳለ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጨርቅ መሰለኝ። ቀና ስል ከፊቱ ደረጃ ሥር ካለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በጓሮ መስኮቷ በኩል ግራጫ ጭስ ይወጣል። ዓይኔ እያየ ግራጫው ጠቆረ። ከውስጥ አንድ ነገር ድም! ብሎ ፈነዳ፤ እሳቱ ምላሱን አወጣ።

የፊቱ ደረጃ ከዚያች ክፍል በላይ ነው። የቀረው መውጫ የኋላው የእንጨት ደረጃ ብቻ ነው።

«ላይ ሰው አለ?» አለ አንቷን።

«እትዬ ሙሉነሽ! ብቻቸውን ናቸው!»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም፤ የሆነውን ግን አስታውሳለሁ። ማርጎ ልሩጥ ብትል ጅራቱ ያዛት። በመቀሴ ከጉልበቷ በታች ያለውን፣ ስንት ምሽት የሰፋሁትን፣ ሸርክቼ ጣልኩላት። ብልጭልጯን እያረገፈች ወደ ፌርፋክስ ተፈተለከች፤ ከምግብ ቤቱ ስልክ ለእሳት አደጋ ልትደውል። ባለ ካሜራውም ካሜራውን መሬት ላይ ጥሎ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ፍለጋ ሮጠ። አንቷን ደግሞ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎት ላይ ናቸው። ጭሱ ከፊት በኩል በበሩ ሥር መግባት ጀምሯል። እሳቸው ደንግጠው ወደ ማድቤት ሲመጡ በሩ ይደበደባል። በበሩ ትንሽ መስታወት ሲያዩ፣ በጭስ መሐል፣ ረጅም ቆብ ያደረገ ራስ ቅል ቆሞ «ኦፕን! ኦፕን!» ይላል።

ጩኸታቸውን እታች ሆኜ ሰማሁት።

«ሂድ! ሂድ ከዚህ! ቀኔ አልደረሰም!»

«ማዳም፣ እባክዎ! ፋየር!»

«ነገ ልቆርብ ነው! መምጣትህ ካልቀረ ከነገ በኋላ ና!»

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ጠረጴዛውን እየገፉ በሩን ከውስጥ ሊዘጉት ነው!

እግሬ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ደረጃው ሞቋል። አንቷን የብረቱን መዝጊያ በሁለት እጁ ይዞ እየነቀነቀ ነው፤ አይነቃነቅም።

«አልከፍት አለች! ለምንድነው የማትከፍተው?»

«ሞት ነህ ብለው ነው! ዞር በል!» አልኩትና አፌን ወደ መዝጊያው አስጠግቼ ጮህኩ፤ «እትዬ ሙሉነሽ! እኔ ነኝ፣ የሺ! ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ ይክፈቱ!»

ከዚያ ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ። «የሺን ምን አደረግሃት? ድምፅዋን ሰረቅሃት?»

ወገኖቼ፣ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ሰይጣን በሰው ድምፅ ይጠራል፣ አንዴ ብቻ ለጠራሽ ድምፅ አትመልሽ ተብለን ነው። እሳቸው ቢጠራጠሩ አልፈርድም። ግን ጭሱ አሁን በመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል፤ የማድቤቱ ጣሪያ ጠፍቷል። ሲያስሉ ይሰማኛል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ በእመቤቴ!»

«ከሆንሽ ሰላም ለኪ ድገሚ!»

«እሳት ነው እኮ እትዬ!»

«ድገሚ! እሱ ሊላት አይችልም!»

ደገምኩ። «እመቤቴ ማርያም ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ የምለውን ጸሎት እንደዚያ ቀን ብዬው አላውቅም፤ እየሳልኩ፣ እያለቀስኩ፣ በየቃሉ መሐል አየር እየፈለግሁ። አንቷን ከጎኔ ነገሩ ገብቶት ነው መሰል አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከሥራችን የእንጨቱ ደረጃ ቋ! ቋ! ይላል። ቃል እንዳልዘልል ፈራሁ፤ አንዲት ቃል ብትጎድል «ይኸው!» ሊሉኝ ነው። እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

«አሜን» አሉ ከውስጥ። የጠረጴዛው መጎተት ተሰማ። ፊታቸው በመስታወቱ ላይ ብቅ አለ፤ በዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «የሺዬ፣ አንቺስ ነሽ። እሱስ? ያ ከኋላሽ ያለው?»

«ሰው ነው እትዬ! ቀለም ነው! የብርሃኑ ጓደኛ ነው!»

አንቷን ቀለሙን ሊያጠፋ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ምነው ባልጠረገው! ጥርሱ ጉንጩ ላይ፣ የዓይኑ ጥቁር አገጩ ላይ ሄዶ ከቅድሙ የባሰ ሆነ። እትዬ ሙሉነሽ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ያማትብ!» አሉ። «ሰው ከሆነ ያማትብ!»

ዞርኩበት። «አንቷን፣ አማትብ! አሁን!»

አልጠየቀኝም። ቆቡን አውልቆ ወረወረው፣ እዚያው ጭሱ ውስጥ ተንበረከከ። ግንባሩን ነካ፣ ደረቱን ነካ። አዲስ አበባ ግሪኮች ጎረቤት ነበሩን፤ እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያማትቡት፤ እትዬ ሙሉነሽም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሄይቲ ሰው በየት በኩል እንደሚያማትብ እኔ በምን አውቃለሁ! እጁ አየር ላይ ተንሳፈፈ… ወደ ግራ ትከሻው ሄደ። ከዚያ ወደ ቀኙ።

«እንደኛ!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «ከግራ ወደ ቀኝ! እንደኛ ነው እኮ!»

ቁልፉ ቀጭ አለ።

በሩ ሲከፈት የወጣው ጭስ ሁለታችንንም ወደ ኋላ ጣለን። እትዬ ሙሉነሽ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል በደረታቸው አቅፈው ደፉ ላይ ቆመዋል፤ እግራቸው ግን እንቢ አለ። አንቷን ኮቱን አወለቀ፣ እላያቸው ላይ ከራስ እስከ ጉልበት አለበሰና እንደ ሕፃን አነሣቸው።

«አንተ! ቀስ! ሥዕሏን!» ይላሉ ከኮቱ ውስጥ።

«ምን አለች?» ይላል አንቷን እየሳለ።

«ሩጥ ነው ያሉህ!» አልኩት።

ስንወርድ ከጣሪያው ጠርዝ ፍም እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር። ኮቱ ትከሻ ላይ ሲወድቅ አየሁ፤ ጨርቁ ሲበሳ፣ ወይን ጠጁ ገበር ሲጨስ። በእጄ እየመታሁ አጠፋዋለሁ፣ ሌላ ይወድቃል። ከመሬት ስንደርስ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ቆመንበት የነበረው የላይኛው ደረጃ እሳት ይዟል።

ከመንገዱ ማዶ ሰው ተሰብስቦ አጨበጨበ። እውነት እላችኋለሁ፣ አጨበጨቡልን! ፊልም መስሏቸው ነው። አንዱማ «አንድ ጊዜ ድገሙት!» አለ። ማርጎ በተሸረከተ ቀሚሷ፣ በባዶ እግሯ፣ የእሳት አደጋ መኪናውን ከፊት ከፊቱ እየሮጠች እየመራች መጣች። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ራስ ቅሉን፣ የባሕር እመቤቲቱን፣ ነጠላ የለበሱትን አሮጊትና መቀስ በአንገቷ ያንጠለጠለችውን እኔን ተራ በተራ አየን።

«እናንተ ምንድን ናችሁ?»

«ጎረቤቶች» አለው አንቷን።

ብርሃኑ ታክሲውን መንገዱ መሐል ጥሎ ሲሮጥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እናቱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ፊቱ የተጨማለቀ ራስ ቅል አቅፎ ውሃ ያጠጣቸዋል። ብርሃኑ ጓደኛውን አላወቀውም። ደርሶ ሸሚዙን ጨምድዶ አነሣው።

«እናቴን ምን አደረግካት? ምን አደረግካት!»

«ተወው!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ፤ ያን ያህል ድምፅ ያላቸው አይመስልም ነበር። «ልቀቀው አልኩህ! እሱ ነው ያወጣኝ።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ። ክርስቲያን ነው፤ ሲያማትብ አይቼዋለሁ።»

ያኔ አንቷን መሬት ላይ ቁጭ አለና መሳቅ ጀመረ፤ ትከሻው ይስቃል፣ ዓይኑ ግን ያለቅሳል፤ እንባው በነጩ ቀለም ላይ መንገድ አወጣ። እትዬ ሙሉነሽ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ይጠርጉለት ጀመር። «ስሙን ጠይቂልኝ የሺዬ» አሉ። ነገርኳቸው። «እንጦንስ ማለት አይደል? አያችሁ! አጋንንት ያሸነፈው የአባታችን ስም እኮ ነው» ብለው ሥዕሏን አሳለሙት። እሱም ተሳለመ።

በማግስቱ ቅዳሴ ሳይገባ ለነፍስ አባቴ ሁሉን ዘርዝሬ ተናገርኩ፤ የመናፍስቱን ሥዕል፣ ኮቱን፣ ፍርሃቴን፣ እሳቱን። አባ እነዚያን ነገሮች አምልኪ እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ አላሉኝምም። «ልጁ ኮቱን አወለቀና አለበሳቸው ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ኮቱስ?»

«ተቃጠለ፤ ከጥቅም ውጭ ሆነ።»

«እንግዲያው ሌላ ስፊለት» አሉኝ። «ብርድ ሳይገባ።»

ሰፋሁለት። ፊልማቸውም አልቆ ሄይቲዎቹ በተከራዩት አዳራሽ ታየ፤ ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው ሲጮኹ ጣሪያው የሚነሣ ይመስል ነበር። ባሮን አካፋውን ሲወረውር እኔም ጮህኩ፤ ማን እንዳየኝ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን እናንተ አንባቢዎቼ «ታዲያ ምን ተለወጠብሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ሃይማኖቴ አልተለወጠም፤ ማንኪያዬም እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥንቃቄ ማለት መዝጋት ይመስለኝ ነበር። ሰው መልኩ፣ አገሩ፣ የሚያወራው ነገር ካስፈራኝ ጠረጴዛ ጎትቼ በሩ ላይ ማስደገፍ ነበር ሥራዬ። ያን ዕለት ግን በመስታወቱ ማዶና ማዶ ሁለቱንም አየሁ፤ ውስጥ የቆመችውን የምወዳትን ሴት ፍርሃት፣ ውጭ የተንበረከከውን ሰው ትከሻ። እሳቱ ደግሞ ለሁለቱም እኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ እንግዳ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ «ምን ትመስላለህ?» አልልም፤ «እጅህ ምን እየሠራ ነው?» ብዬ አያለሁ። እናንተም አንዳንዴ እዩ፤ የሚያድናችሁ ሰው ምን ተቀብቶ እንደሚመጣ አይታወቅምና።

እትዬ ሙሉነሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አዲስ ቤት ገቡ፤ በሩ ያለ ብረት ነው፤ ብረት ይግባ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። ሰው ሲያንኳኳ «ማነው?» እንኳ ሳይሉ ይከፍቱ ጀመር። ብርሃኑ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ተቆጣቸው።

«እማዬ፣ ይሄ አሜሪካ ነው! ሳታውቂ ማንም ሊመጣ ይችላል እኮ!»

እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ አዩትና፣ «ያን አይቼ ከፍቻለሁ» አሉት፤ «ደግሞ ከዚያ የባሰ ማን ይመጣል?»